ግቢና ሰፈር፦ ትናንሽ የኮሌጅ ከተሞች በእግረኛ ዓይን



ዛሬ የምናገረው ስለ ሦስት ትናንሽ ከተሞችና በውስጣቸው ወይም በአጠገባቸው ስለ ተተከሉ ኮሌጆች ነው። ከተሞቹ በኦክላሆማ የምትገኘው ስቲልዋተር፣ በካሊፎርኒያ የምትገኘው ዴቪስና በሐረርጌ ደጋ ላይ ያለችው ሐረማያ ናቸው። ሐረማያን ባነሣሁ ቁጥር ሐረርን አለማንሣት አልችልም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሦስቱን የመረጥኩት የአንድ ሐሳብ ልጆች ስለ ሆኑ ነው። በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለእያንዳንዱ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ በኮንግረስ ላለው ለእያንዳንዱ ሴናተርና እንደራሴ 30,000 ኤከር የፌዴራል መሬት መድቦ፣ ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጅ እንዲቋቋም አዘዘ። እነዚህ «የመሬት ስጦታ ኮሌጆች» የተባሉት ናቸው። የገበሬ ልጅ የሚማርባቸው፣ የሙከራ እርሻ የሚያስፈልጋቸው ተቋማት ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ተተከሉ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድ ዓይነት ዘር በሦስት ቦታ ተዘርቶ ስለ ምን ሦስት የተለያዩ ከተሞችን አበቀለ?

ከተሞችን «ለኑሮ የሚስማማ» እና «ለእግረኛ የሚመች» ብሎ በቁጥር ደረጃ ማውጣት ዛሬ የተለመደ ነው። እኔ ግን ደረጃዎቹን ብዙም አላምናቸውም። የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ ዳቦ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሐኪም፣ ባንክ፣ የጸሎት ቤትና ከመማሪያ ክፍሏ ውጭ የሆነ ሰው ጋር የምትጨዋወትበት ስፍራ ያስፈልጋታል። እነዚህን በእግሯ ደርሳባቸው፣ ከመሸ በኋላም ሳትፈራ ልትመለስ ትችላለች ወይ? «ልትመለስ» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ቀን በእግር የሚኬድበት ከተማ ብዙ ነው፤ ማታ የሚመለሱበት ግን ጥቂት ነው።

ከስቲልዋተር ልጀምር። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1889 የኦክላሆማ ምድር ለሰፋሪዎች በተከፈተበት ሰሞን ነው፤ ኮሌጁም በሕግ የተቋቋመው በ1890 መጨረሻ ነው። ኮሌጁ ለከተማዋ በስጦታ የመጣ አልነበረም፤ ነዋሪዎቿ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተፎካክረው ያገኙት ነው። በታኅሣሥ 1891 የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሲሰበሰቡ ሕንፃ ስላልነበረ ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰጠ። ዛሬም የቆመው «ኦልድ ሴንትራል» የተባለው ጡብ ሕንፃ የተመረቀው በ1894 ነው። የተማሪ ማደሪያ ስላልነበረም ተማሪዎቹ በከተማው ሰው ቤት በኪራይ ያድሩና ይመገቡ ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር ለዛሬው ነገራችን ቁልፍ ነው። ድሃ ኮሌጅ ከተማውን ይፈልጋል። ተማሪው ከቁርስ እስከ እንቅልፍ ድረስ ያለውን ኑሮ ከነዋሪው ስለሚገዛ፣ በኮሌጁና በከተማው መካከል ያለው መንገድ ከማንኛውም ፕላን በፊት በእግር ተረግጦ ይወጣል።

የኋላው ታሪኳ ግን እንደ ብዙዎቹ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ነው። መኪና መጣ፤ ትልልቆቹ መደብሮች ከግቢው በስተ ምሥራቅ ወደ ፐርኪንስ መንገድ ሸሹ፤ በግቢው ዳር የቀረው በዋሽንግተን ጎዳና ላይ የተማሪ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች የተኮለኮሉበት አጭር መንገድ ነው። ስቲልዋተር ክፉ ከተማ አይደለችም። ሆኖም መኪና የሌለው ተማሪ የሚኖርባት የከተማዋን ሩብ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ዴቪስ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ የሆነው ነገር በራሱ የሆነ አልነበረም።

ዴቪስ ከሳክራሜንቶ በስተ ምዕራብ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ በ1868 ከተዘረጋው የባቡር መገናኛ አጠገብ የተቆረቆረች የእህልና የፍራፍሬ መንደር ነበረች። በ1905 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለዩኒቨርሲቲው የእርሻ ማሰልጠኛ እንዲገዛ ወሰነ፤ ትምህርቱም በ1908 ተጀመረ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ ዴቪስ ላሞችና የዘር መደቦች የሚጠኑባት ጸጥተኛ ስፍራ ነበረች። ከዚያ በ1959 እርሻው ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ተደረገ። የሕዝብ ቆጠራው ምን እንደ ተከተለ ይነግረናል፤ በ1960 የከተማዋ ሕዝብ 8,910 ነበር፤ በ1970 ወደ 23,488 ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ እድገት የደረሰበት ሌላ የካሊፎርኒያ ከተማ ሁሉ ለመኪና እየተቀደደ ነበር የሚያድገው።

ዴቪስ ለምን ከዚያ መንገድ ወጣች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መሬቱ ሜዳ ነው፤ አየሩም ይመቻል» የሚል ነው። ይህ መልስ አያረካኝም። የመካከለኛው ካሊፎርኒያ ሸለቆ በሙሉ ሜዳ ነው፤ በዚያ ያሉት ሌሎች ከተሞች ግን ዴቪስን አልሆኑም። ልዩነቱን ያመጡት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ኤሚል ምራክ ናቸው፤ እኚህ የምግብ ሳይንስ ሊቅ ግቢው ሲስፋፋ ብስክሌት ለሚነዱ ተማሪዎች ተብሎ እንዲታቀድ አርክቴክቶቹን አዘዙ፤ የግቢው እምብርትም ለመኪና ተዘጋ። ሁለተኛው ደግሞ ከከተማው ወገን የመጣ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ የምጣኔ ሀብት መምህር ከቤተሰቡ ጋር በኔዘርላንድስ ክረምቱን አሳልፎ ሲመለስ፣ እዚያ ያየው የብስክሌት መንገድ በዴቪስም እንዲሠራ መሞገት ጀመረ። የከተማው ምክር ቤት ጆሮ አልሰጠም። ሞጋቾቹ ፊርማ አሰባሰቡ፤ በ1966 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫም የብስክሌት መንገድን የሚደግፉ እጩዎች አሸነፉ። የክፍለ ግዛቱ የትራፊክ ሕግ ስለማይፈቅድ ሕጉ ራሱ መለወጥ ነበረበት፤ ተለወጠም፤ በ1967 በአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያው ነው የሚባለው የብስክሌት መስመር በዴቪስ አስፋልት ላይ ተቀባ። በ1968 ተማሪዎች ራሳቸው የሚያሽከረክሯቸው፣ ከለንደን የተገዙ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሥራ ጀመሩ። አውቶቡሱን የሚነዳው ጠዋት የኬሚስትሪ ፈተና የተፈተነው ልጅ መሆኑ ለእንግዳ ሰው እስከ ዛሬ ያስገርማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተውል። በዴቪስ ዩኒቨርሲቲውና ከተማው የተገናኙት በስብሰባ አዳራሽ በተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ ሳይሆን በምርጫ ሣጥን ነው። መምህሩ የከተማው መራጭ ነው፤ ልጁ በከተማው ትምህርት ቤት ይማራል፤ ሚስቱ ገበያ የምትወጣው በዚያው ጎዳና ነው። የመንገዱ ነገር የራሱ ጉዳይ ሆነበት። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ሶመርም በምርምራቸው እነዚህን አዳዲስ የብስክሌት መስመሮች አጠኑ፤ ስለዚህ ከተማው ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራም ሆነለት።

ከዚያ በኋላ ዴቪስ በራሷ ስኬት ተፈተነች። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው «ቪሌጅ ሆምስ» የተባለው መንደር፣ ቤቶቹን ከመኪና መንገድ ይልቅ ወደ አትክልትና ወደ እግር መንገድ ፊታቸውን አዙሮ፣ የዝናቡን ውኃም በተፈጥሮ ቦይ እያሳለፈ ስለ ተሠራ ዝናው ርቆ ተሰማ፤ የፈረንሣዩ ፕሬዚዳንት ሚተራን እንኳ በ1984 ሊያዩት መጡ። ነዋሪዎቹ ከተማቸውን ስለ ወደዷት እንዳትለወጥ ፈለጉ። በ2000 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቁት ደንብ በከተማው ዙሪያ ያለ የእርሻ መሬት ያለ ነዋሪው ድምፅ ለቤት ግንባታ እንዳይውል አደረጉ። እርሻው ዳነ፤ ኪራይ ግን ሰማይ ነካ። ተማሪውና ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኘው ሠራተኛ በዉድላንድና በሳክራሜንቶ አካባቢ ቤት እየተከራዩ በመኪና መመላለስ ያዙ። በ1980 ቆጠራ ከሠራተኛው ሩብ የሚበልጠው በብስክሌት ወደ ሥራው ይሄድ ነበር፤ በ2000 ግን ይህ ድርሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የቤት ዋጋ ግን ከዋነኞቹ አንዱ እንደ ሆነ አምናለሁ። በእግርና በብስክሌት የሚኬድባት ከተማ ሰው በውስጧ መኖር ካልቻለ፣ የተዋበው መንገድ የባለ ቤቶች ብቻ ጸጋ ሆኖ ይቀራል። የዴቪስን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ያልፉታል።

አሁን ወደ ሐረማያ ልሻገር። የድልድዩ ስም ሄንሪ ቤኔት ይባላል። ቤኔት በስቲልዋተር የሚገኘው የኦክላሆማ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በ1950 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የመሬት ስጦታ ኮሌጅን ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» ተብሎ የሚታወቀውን የቴክኒክ ርዳታ መሥሪያ ቤት እንዲመሩ ሾሟቸው። በታኅሣሥ 1951 በቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ አረፉ፤ ያሰቡትን አላዩም። ስምምነቱ ግን በ1952 ተፈረመ፤ ሥራው በጅማ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ በጥር 1958 ንጉሠ ነገሥቱ በይፋ መረቁት።

ቦታው ሁሉ ነገር ያለው ይመስል ነበር። ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ ለስላሳ አየር፣ ለሙከራ እርሻ የሚበቃ መሬት፣ አጠገቡ ሐይቅ፣ ቁልቁል ወርዶ የድሬዳዋ ባቡር። ያልነበረው ከተማ ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ከተማን በውስጡ ሠራ፤ የመምህራን ቤት፣ የተማሪ ማደሪያ፣ ምግብ ቤት፣ ውኃ፣ መብራት፣ ክሊኒክ። እዚህ ላይ ነው ልጁ ከአባቱ የሚለየው። ስቲልዋተር ሲጀመር ድሃ ስለ ነበረ ከከተማው ሰው ጋር ተዳበለ፤ ዓለማያ ግን ከመጀመሪያው ቀን ራሱን ችሎ፣ ሙሉ ሆኖ ተተከለ። ተማሪው አልጋውንም እንጀራውንም ከግቢው ያገኛል። ጎረቤቱ ገበሬ ለተማሪው የሚያከራየው ክፍል፣ የሚሸጥለት ምሳ የለውም። ቸርነት የሠራው ርቀት ነው።

ለፍትሕ ያህል ልናገር፤ የኮሌጁ ተልእኮ ከአጥር የሚያስወጣ ነበር። ከማስተማርና ከምርምር ጋር የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎትም በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው ለዚህ ኮሌጅ ነበር። በ1963 ግን ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ለአስተዳደር የሚመች ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን መምህርና ተማሪ በበሩ ወጥተው ወደ ገበሬው የሚሄዱበትን የዕለት ምክንያት አሳጣ። በሌላ በኩል ጎንደርን አስቡ። በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን አድርጎ ወደ ሰፈርና ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። እዚያ መውጣት የትምህርቱ ክፍል ነው። በኋላም የዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ አገልግሎትና የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ከግቢ አውጥተው ወደ ሩቅ ገጠር አደረሱት፤ በበሩ ማዶ ካለው ጎረቤት ጋር ለማስተዋወቅ ግን ማንም ዘመቻ አላወጀም።

ስለ «ግቢ» ቃል ጥቂት ልበል። በሌሎች አገሮች ተማሪ «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ይላል፤ የእኛ ተማሪ «ግቢ ገባሁ» ይላል። ቃሉ ከመግባት የወጣ ነው፤ በታሪካችን ውስጥ ግቢ ያለ ቅጥያ ሲጠራ ቤተ መንግሥት ማለት ነበር። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ ቃሉና ነገሩ ቃል በቃል ተገናኙ። ግቢ አጥር አለው፤ በር አለው፤ ዘበኛ አለው፤ በደጁም ደጅ የሚጠና ሰው አለ። የከተሞቻችን አፈጣጠርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባን አሮጌ ሰፈሮች ስም ተመልከቱ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር። የመኳንንቱና የባለ እጁ ሰፈር በንጉሡ ግቢ ዙሪያ ሰፍሮ ነው ከተማ የሆነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የምታዩት የፎቶ ኮፒ ቤት፣ የጀበና ቡና፣ የልብስ አጣቢዎች፣ የሳምቡሳ ሻጮች፣ የባጃጅ ተራ የዚያው የቆየ ሕግ ተከታይ ነው። ግቢ ባለበት ሰፈር ይበቅላል። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «ሕገ ወጥ ንግድ» ብለው የሚያፈርሱት ይህ ሰፈር በእኔ ግምት በአገራችን ያለው እውነተኛ የኮሌጅ ከተማ እርሱ ነው።

የሐረማያን ነገር ይበልጥ የሚያስቆጨው ሃያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሐረር መኖሯ ነው። ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በግንብ የታጠረ ከተማ ነው፤ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ነው፤ በውስጡ 82 መስጊዶችና 368 የሚሆኑ ጠባብ መንገዶች እንዳሉት ይነገራል። አብዛኞቹ መንገዶች መኪና አያስገቡም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ ሳይለዋወጥ የሚተላለፍባቸው አይደሉም። በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበውም ለዚህ ነባር የከተማ አኗኗሩ ጭምር ነው። «ከተማን የሚገድለው አጥር ነው» የሚሉ ሰዎች ጀጎልን ማየት ይገባቸዋል። ጀጎልም አጥር አለው፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ በድሮ ዘመን ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን በሮቹ ገበያ ነበሯቸው፤ ገጠሬው የሚሸጠውን ይዞ የሚመጣባቸው፣ ከተሜው የሚገዛባቸው ነበሩ። በሩ ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት ስፍራ ከሆነ ግንቡ ብዙ አይጎዳም። የዩኒቨርሲቲ በር ግን መታወቂያ የሚታይበትና ሰው የሚፈተሽበት ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት በየግቢው የደረሰውን ግጭት ያየን ሰዎች የጥበቃን አስፈላጊነት አንክድም፤ በር ለፍተሻ ብቻ ከሆነ ግን ማታ በበሩ ማዶ ያለው ጨለማ የማንም ኃላፊነት አይሆንም። ያንን ጨለማ አብልጣ የምታውቀው ሴት ተማሪ ናት።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የሚገኘው በሐረር ከተማ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ጋር ነው። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ አስተዳደር፣ ሁለት የተለያዩ ሕይወቶች አሉት። በሐረር ያለው ተማሪ በሽተኛውን በሆስፒታል ያየዋል፤ ማታ በገበያ ያገኘዋል። በዋናው ግቢ ያለው ተማሪ ሰፊ መሬት፣ የዛፍ ጥላና ጸጥታ አለው፤ ከተማ ለመድረስ ግን መኪና መሳፈር ያስፈልገዋል። የትኛው ይሻላል ብዬ አልፈርድም፤ ጸጥታም ለትምህርት ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ግቢው ለብቻው ራሱን ይችላል የሚለው እምነት በሐይቁ ተፈትኗል። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ለአትክልትና ለጫት መስኖ የሚሳበው ውኃ፣ ለከተሞች የሚወሰደው ውኃና ከተራቆተው ተዳፋት የሚጎርፈው ደለል ተደራርበው ነበር ያደረቁት። በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል መመለሱ ደስ ያሰኛል። አጥሩ ግን ከድርቁ ማንንም አላዳነም፤ ገበሬውም፣ የሐረር ነዋሪም፣ ዩኒቨርሲቲውም በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ጎረቤቶች መሆናቸው የታወቀው ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው አገራችን ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን ስለ ከፈተችና አብዛኞቹም ከከተማ ዳር፣ ሰፊ አጥር ታጥሮላቸው ስለ ተሠሩ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ አልፏል። የሚቀረው በሩ ነው። መጻሕፍት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የስፖርት ሜዳው በግቢው መሐል ከሚሆን በበሩ አጠገብ ቢሠራ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀሙበታል። በበሩ ማዶ ያለው ሰፈር ከመፍረስ ይልቅ ውኃ፣ መጸዳጃና መብራት ቢገባለት፣ ከበሩ እስከ ከተማው ያለው የእግረኛ መንገድ የዩኒቨርሲቲውም የማዘጋጃ ቤቱም በጀት ውስጥ ቢገባ፣ ወጪው ከአንድ ሕንፃ ወጪ አይበልጥም። አሁን በከተሞቻችን በኮሪደር ልማት የሚሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ይደርሳሉ ወይስ መንገድ ላይ ይቆማሉ የሚለውን በጥንቃቄ እየተከታተልኩ ነው።

ለታሪክ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ትቼ ልውረድ። የዓለማያ ኮሌጅ አመሠራረት ሰነዶችና ፎቶግራፎች በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የአሜሪካውያኑን መምህራን ትዝታም የመዘገበ ሰው አልጠፋም። በበሩ ፊት ለፊት ሻይ ያፈሉ፣ ልብስ ያጠቡ፣ ለተማሪ በዱቤ እያበሉ ደመወዙ ሲወጣ ይከፍለናል ብለው ደብተር የያዙ ሴቶች ግን አሁንም በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ በጣም አርጅተዋል። እነዚያ የዱቤ ደብተሮች ለከተማ ታሪክ ምን ያህል ምንጭ እንደሚሆኑ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ደብተሮቹ ሳይጠፉ የሚደርስ ተማሪ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፈን እዚህ ላይ አቆማለሁ።